ካርቦን

ከልደታ ፍርድ ቤት ማዶ፣ ከኮፒ ቤቶቹ ጥግ፣
የሰው በደል ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስጠርግ፣
ሃያ ስምንት ዓመቴ።
ፍቺ በገጽ ሠላሳ ብር፣ ይግባኝ ሠላሳ አምስት፤
ውርስ ግን በድርድር ነው፤ ወራሽ መች ያልቃል ከቤት።

ታይፕ ያስያዘኝ ጋሽ እንዳልክ፣ ነፍሱን ይማርና፣
ጣቴን በማስመሪያ መትቶ፣ ጉሮሮውን ይጠርግና
"ካርቦን ሳታስገባ ፊደል እንዳትነካ" ይል ነበር።
"አንዱ ለዳኛ ይሂድ፤ አንዱ ከቤት ይቅር።
ወረቀት እንደ ሰው ነው፤ ለብቻው ከወጣ
ማን ይመሰክርለታል መንገድ ላይ ቢታጣ?"

ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ካርቦኑን ከነጥቁረቱ ጣልኩት፤
እጄ ነጣልኝና ምክሩን አብሬ ታጠብኩት።

ትርሲት፣ የእኅቴ ልጅ፣ ዓምና ከኮሌጅ ወጥታ
ከጎኔ ቁጭ ያለች፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ፣
"ያገኘኸውን ስልክ ዝም ብለህ አትሰካ!
ፍላሽ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ጫማውን ሳያራግፍ ቤትህን አይንካ።
ይህን አድስ፣ ያንን ፈትሽ፣ የይለፍ ቃልህን ለውጥ" ስትል
እስቅ ነበር፤ "ልጄ፣ ከቫይረስ ይልቅ ቀጠሮ ነው የሚገድል።"
ዓርብ ዓርብ ማታ ደግሞ፣ ልወጣ ስዘጋ መስኮት፣
አንዲት ጥቁር ዲስክ ሰክታ ታስቆመኝ ነበር ግማሽ ሰዓት።
ቀድታ፣ ነቅላ፣ በፎጣ ጠቅልላ ትወስዳለች ቤቷ።
"ለምንሽ ነው?" ስላት፣ ትከሻዋ ነበር መልሷ።

ሰኞ ለታ አቶ ዘርጋው መጡ፤ ሰባት ዓመት በፈጀ
የቤት ክርክር ጉልበታቸው ከመዝገቡ ጋር ያረጀ።
ይግባኙ የሚያበቃው ዛሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።
"ከፍርድ ቤት ተላከልኝ" አሉ፣ ስልካቸውን ዘርግተው ከፊት፤
"መዝገብዎን ለማየት ይላል። በስልክ እምቢ አለኝ፤
አንተ በትልቁ ሞክረው፣ እባክህ ተባበረኝ።"

ትርሲት ኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ነበረች።

አውርድ ይላል፤ አወረድኩ።
እኔ ሲወርድ የማውቀው ምሕረትና ዝናብ ነው።
ጫን ይላል፤ ጫንኩ።
በገዛ ጀርባዬ ላይ መሆኑን ማን ያውቀው።
ክፈት ይላል።
አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፣ ክፈትና ክፋት፤
ዕድሜዬን ፊደል ስለቅም ኖሬ ያቺን አለማየት!

"የወይዘሮ አስካለ ፍቺ"፣ "የወንድማማቾቹ አጥር"፣
"የዘበኛው ያልተከፈለ ደመወዝ"፣
ሁሉም ስሙን ጥሎ ሆነ ቁጥር።
ከዚያ በቀይ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ብቅ አለ አንድ ቃል፤ ክፈል።
ሰባ ሁለት ሰዓት ሰጥቶኛል፤
የኛ ዳኛ እንኳ ቀነ ቀጠሮ ሲሰጥ እንዲህ አይቸኩል።

ለሰው ሁሉ ክስ ጸሐፊ፣ የራሴን ክስ በማን ላይ?
ስም የለው፣ ሠፈር የለው፤
መጥሪያ የት ይደርሰዋል፣ ከምድር ወይስ ከሰማይ?

ትርሲት ገባች። አልጮኸችም።
መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፣
ቀጥላ እኔን ከወንበሬ አነሣች።
"ብር እንዳትልክ!" ብላ ወጣች፤ ዝናብ፣ ጭቃ ሳትል
ወደ አብነት ሮጠች፤
ተመለሰች፣ በፎጣ ሕፃን የታቀፈች ይመስል።

በተዋስነው ላፕቶፕ ላይ ሁሉም በየስሙ ተነሣ፤
እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ። የቅዳሜው ሦስት ገጽ የለም፤
ከጭንቅላቴ መታሁት፣ ግማሹን ሳስታውስ፣ ግማሹን ስረሳ።
አቶ ዘርጋው ሮጡ፤ ማኅተሙ ሲያርፍ አሥር ከሃምሳ ነበረ።
ስልካቸውን ግን ትርሲት አልለቀቀችም፤
ያልጠሩት እንግዳ ወጥቶ፣ የባንክ ምስጢር ቁጥራቸው እስኪቀየር አደረ።

አሁን ዓርብ ማታ ነው። ሳትለምነኝ ተቀምጫለሁ።
የዲስኳን ትንሽ መብራት፣ ብልጭ ስትል አያለሁ።
ሰርቄ ጣቷን ተመለከትኩ፤
ንጹሕ ነው።
እኔ ግን ጥቁሩን ፈለግሁ።